መጀመሪያ ምሳሽን መልሺ፦ ቀን ሳትበላ ማታ ለምትጠጣ ወጣት የተጻፈ መመሪያ

«ዛሬ ማታ እንወጣለን፤ ስለዚህ ምሳ አልበላም።» ይህን ብለሽ ከሆነ፣ ወይም ጓደኛሽ ወይም ታናሽ እህትሽ ስትለው ሰምተሽ ከሆነ ይህ መመሪያ ላንቺ ነው። አንዷ ቦርጭ ፈርታ ታደርገዋለች፤ ሌላዋ ቶሎ ሞቅ እንዲላት፤ ሦስተኛዋ የምሳውን ብር ለማታ ልታቆይ። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ መጨረሻው ያው ነው፦ መጠጡ ባዶ ሆድ ላይ ይወርዳል።

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ ወደ ቤቴልና ዓለም ባንክ ስትሄጂ ግሮሰሪው፣ ድራፍት ቤቱ፣ ጫት መሸጫውና የግል ኮሌጁ እምብዛም አይራራቁም። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ እናስብ። ጠዋት ማኪያቶ ብቻ ጠጥታ ትወጣለች። ረቡዕ ከሆነ «ፆመኛ ነኝ» ትላለች፤ ሐሙስ ከሆነ «ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ቤት ጫት ይያዛል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ረሃቡም ይጠፋል። ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባላል፤ «ቢራ ቦርጭ ያመጣል» ተብሎ ጂን ይታዘዛል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከማኪያቶዋ ወተትና ስኳር በቀር ሆዷ የገባ ነገር የለም። ሌሊት ታስመልሳለች። ጠዋት አንጎበሩና ጸጸቱ አብረው ይጠብቋታል፤ «ትናንት ስለጠጣሁ ዛሬ አልበላም» ትላለች። በዚያው ቀን ያው ነገር እንደገና ይጀመራል።

ይህች ልጅ የመጠጥ ችግር ብቻ ያለባት አይደለችም፤ የአመጋገብ ችግር ብቻ ያለባትም አይደለችም። ሁለቱ ተጋግዘው ነው የያዟት። መጠጡን ብቻ ልተው ብትል ረሃቡ እንዳለ ይቀርና በሌላ በኩል ይወጣል። አመጋገቧን ብቻ ላስተካክል ብትል ቅዳሜ ማታ ሳምንቱን ሙሉ የሠራችውን ያፈርሳል። የዚህ መመሪያ ምክር አንድ ነው፦ ሁለቱን አንድ ላይ ያዢ፤ መጀመሪያ ግን ምሳሽን መልሺ።

ስለ ካሎሪና ስለ ኪሎ እዚህ አንድም ቁጥር አታገኚም። ሆን ተብሎ ነው፤ እንዲህ ያለው ቁጥር በዚህ መንገድ ላይ ላለች ልጅ ጭንቀት ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይረዳትም።

አንደኛ፦ ራስሽን በሐቅ ጠይቂ

ስላለፉት ሦስት ወራት አስቢና መልሺ። መልሱን ለማንም ማሳየት የለብሽም።

– ማታ ስለምትጠጪ ብለሽ ሆን ብለሽ ምግብ ዘለሽ ታውቂያለሽ?
– በጠጣሽ ማግስት ለማካካስ ብለሽ ሳትበዪ ውለሻል?
– ከበላሽ ወይም ከጠጣሽ በኋላ ራስሽን አስመልሰሻል?
– አንዴ መብላት ከጀመርሽ ማቆም እንደማትችዪ ይሰማሻል?
– ሰዎች «ከሳሽ» እያሉሽ አንቺ ግን ወፍራም የሆንሽ ይመስልሻል?
– ስለ ምግብና ስለ ሰውነትሽ ማሰብ ከትምህርትሽ ወይም ከሥራሽ ያናጥብሻል?
– «ሁለት ብቻ» ብለሽ ተቀምጠሽ ሁለት ላይ ማቆም ያቅትሻል?
– ሌሊት ያደረግሽውን ጠዋት ከሰው የሰማሽበት ጊዜ አለ?
– የወር አበባሽ ቀርቷል ወይም ተዛብቷል?

ሐኪሞችም ለዚህ አጫጭር መጠይቆች አሏቸው። እንግሊዝ አገር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው «ስኮፍ» ስለ አመጋገብ አምስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ሁለት «አዎ» ከተገኘ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» ደግሞ ስለ መጠጥ አሥር ጥያቄ አለው። ከላይ ያሉት ጥያቄዎች በሽታሽን አይነግሩሽም። ከምግቡም ከመጠጡም በኩል አንዳንድ «አዎ» ካለሽ ግን ስድስተኛው ደረጃ ላይ የተጻፈውን ሳትዘይ ፈጽሚ።

ሁለተኛ፦ ሰውነትሽ ውስጥ የሚሆነውን እወቂ

ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ መጠጡ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና በአጭር ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ የሴት ሰውነት በአማካይ ከወንድ ያነሰ ውኃ አለው፤ ጨጓራዋም አልኮልን የሚፈጨውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ከወንድ ጓደኛሽ ጋር እኩል ብትጠጪ እኩል አትሰክሪም፤ አንቺ የበለጠ ትሰክሪያለሽ። ጉበት በሰዓት ማቃጠል የሚችለው በግምት አንድ መጠን (አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል) ብቻ ነው። ቡናም፣ ሎሚም፣ ቀዝቃዛ ውኃም አያፋጥኑትም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የስኳር ጉዳይ ነው። ሳትበዪ ስትውዪ ሰውነትሽ የሚኖረው ጉበት ካስቀመጠው ስኳር ነው። ያ ሲያልቅ ጉበት አዲስ ስኳር መሥራት አለበት፤ አልኮል ደግሞ ይህን ሥራ ያስቆመዋል። ያኔ የደም ስኳር ይወርዳል፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት። አጠገብሽ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ «ሰክራለች፤ ትተኛ» ይላል። የተኛችው ልጅ ግን እንቅልፍ ሳይሆን ሕክምና ነው የሚያስፈልጋት።

ማስመለስም የራሱ ጣጣ አለው። ከትውከቱ ጋር ልብን በሥርዓት የሚያስመታው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይወጣል፤ እሱ ሲጎድል የልብ ምት ይዛባል። የ«ማቅጠኛ» ሻይና ክኒን፣ በተለይ የሚያስቀምጠው ዓይነት፣ ይህንኑ ያባብሳል። ደጋግሞ ማስመለስ ጉሮሮን ሊያደማ ይችላል። መጠጥና ረሃብ ተደርበው ወራት ሲቆዩ ቫይታሚን ቢ 1 ያልቃል፤ የዚህ ጉዳት አንጎል ድረስ ይሄዳል።

«ቢራ ያወፍራል፤ ጂን ግን አያወፍርም» የሚለውንም እንፈትሸው። አምስት በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራና 40 በመቶ አልኮል ያለው 40 ሚሊ ሊትር ጂን በውስጣቸው ያለው ንጹህ አልኮል እኩል ሊባል ይችላል። የሚለያዩት በፍጥነት ነው። ቢራውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል፤ ጂኑን በአንድ ጉንጭ ትጨርሺዋለሽ። ቦርጭ ፈርቶ ከቢራ ወደ ጂን መሄድ ቶሎ መስከር ብቻ ነው ትርፉ። የቤት አረቄ፣ ጠጅና ጠላ ደግሞ መጠናቸው የትም አልተጻፈም፤ ከቤት ቤት ይለያያል።

ሦስተኛ፦ ምሳሽን መልሺ

የሚጀመረው ከዚህ ነው። ለሁለት ሳምንት ሌላውን ሁሉ ትተሽ አንድ ነገር ብቻ አስተካክዪ፦ ሰዓቱን። መጠኑን ወይም ዓይነቱን አይደለም። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸውም ቀለል ያለ ነገር፤ ከአራት ሰዓት በላይ ሆድሽን ባዶ አታቆዪ። ረሃብ እስኪሰማሽ አትጠብቂ፤ ረሃብን ለረጅም ጊዜ የታገለ ሰው ምልክቱ ይጠፋበታል። የስልክሽን ማንቂያ ሙዪና ሲጮኽ ብዪ።

ውድ ምግብ አያስፈልግም። ጠዋት ፍርፍር፣ ቅንጬ ወይም ፉል በዳቦ፤ ቀን ሽሮ ወይም በያይነት፤ ከሰዓት ሙዝ፣ ቆሎ ወይም በሶ። ክፍል ውስጥ ወይም ሱቅ ላይ የምትውዪ ከሆነ ቆሎ በቦርሳሽ ያዢ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ጫቱን መተው ነው የሚሻለው፤ እስክትተዪው ድረስ ግን ሳትበዪ አትቀመጪ። ከቃምሽ በኋላ እበላለሁ ማለት አይሆንም፤ ፍላጎቱ ተዘግቷል።

መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ከታክሲ ወርደሽ በሳንቲም ትመዘኛለሽ፤ የወጣው ቁጥር የቀንሽን መልክ ይወስናል፤ እራት መብላትሽንም አለመብላትሽንም። ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት ዝም ብለሽ እለፊያቸው። ክብደትሽን ማየት ካስፈለገ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ትየው።

ከተቻለ ከሰው ጋር ብዪ። ለብቻ የሚበላ ምግብ ለመዝለልም፣ ከልክ በላይ ለመብላትም፣ ለማስመለስም ይመቻል። ከበላሽ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከባዱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብቻሽን አትሁኚ፤ ቡና ተፈልቶ ከሆነ ተቀመጪ፣ ወይም ከእህትሽ ጋር አውሪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ቀን እህል ሳትቀምሺ ከቆየሽ ወይም በጣም ከሳሽ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ራሱ አደገኛ ነው። በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት በድንገት ይዛባሉ። እንዲህ ከሆንሽ ከዚህ ደረጃ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አራተኛ፦ የምትወጪበትን ቀን አስቀድመሽ አዘጋጂ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በግልጽ እንዳለው ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም። ከሁሉ የሚሻለው አለመጠጣት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ካልሞላሽ ደግሞ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ ትችያለሽ ከተባለ ምንም አትጠጪ። እጠጣለሁ ካልሽ ግን ቢያንስ እንዲህ አድርጊ።

1. በልተሽ ውጪ። ጥብስ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ፤ ጥብሱ ሲመጣ ሦስት ጠጥተሽ ነው። ከቤት ሳትወጪ እራትሽን ብዪ።

2. ቁጥርሽን ከቤት ወስኚ፤ ለአንዲት ጓደኛሽም ንገሪያት። በአሜሪካ የአልኮል ተመራማሪዎች መስፈርት ለሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት መጠን ከባድ አጠጣጥ ነው። ያንቺ ቁጥር ከዚያ በጣም ማነስ አለበት።

3. ጠርሙስ ሲወርድ ተጠንቀቂ። ጂን በጠርሙስ ወርዶ ብርጭቆ እየተሞላ ከሆነ ስንት እንደጠጣሽ ማንም አያውቅም። የራስሽን በነጠላ እዘዢ፤ ሳያልቅ አታስሞዪ።

4. በመካከል አምቦ ውኃ ጠጪ። ሰው «ለምን አትጠጪም?» የሚለው ባዶ እጅ ሲያይ ነው፤ ብርጭቆ ከያዝሽ የሚጠይቅሽ የለም።

5. «አንድ በእኔ» ሲባል መልስሽን ቀድመሽ አዘጋጂ፦ «ጨጓራዬ አይፈቅድም»፣ «ነገ ፈተና አለብኝ»፣ «መድኃኒት ላይ ነኝ»። ማብራራት የለብሽም።

6. ጨብሲ አትግቢ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ስካሩን ቶሎ አይሰማውም፤ ስለማይሰማው ይጨምራል።

7. የመመለሻሽን ነገር ቀድመሽ ጨርሺ። የታክሲ ብር ለይተሽ ያዢ፤ በራይድ ወይም በፈረስ መተግበሪያ የምትመለሺ ከሆነ ስልክሽ ባትሪ ይኑረው። ሲከፈት ያላየሽውን ጠርሙስ፣ ትተሽው የሄድሽውን ብርጭቆ አትጠጪ።

ሥራሽ መስተንግዶ ሆኖ ደንበኛ የሚጋብዝሽ ከሆነ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ሥራ ሳትገቢ እራት ብዪ፤ ከባንኮኒ ከሚቀዳው የሥራ ባልደረባሽ ጋር ተስማሚና ያንቺ ብርጭቆ በአምቦ ውኃ ይሞላ።

አምስተኛ፦ ማግስቱን ቅጣት አታድርጊው

ክፉው ልማድ የሚበረታው እሑድ ጠዋት ነው። ራስሽ ያምሻል፣ ታፍሪያለሽ፣ ስለዚህ መራብ የሚገባሽ ይመስልሻል። የዛሬ ረሃብ ግን የነገ ማታ ባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ በጠጣሽ ማግስት ቁርስ የግድ ነው። ከበደሽ? አጥሚት፣ ሾርባ ወይም ሙዝ ይበቃል፤ ውኃም ጨምሪ። ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ። ያንን ቀን ለማካካስ ብለሽ ጂም አትግቢ፤ ሩጫም አትውጪ።

መድኃኒትም ላይ ተጠንቀቂ። ዳይክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ከመጠጥ ጋር ጨጓራን ያደማሉ። ፓራሲታሞል አዘውትሮ ለሚጠጣና ለማይበላ ሰው ጉበት ከተለመደው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ከታዘዘው አታሳልፊ። ሜትሮኒዳዞል እየወሰድሽ አትጠጪ። የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ክኒን ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ስድስተኛ፦ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሙሉውን ተናገሪ

ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ብትዪ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶሽ ትመለሻለሽ። ጥፋቱ የነርሷ አይደለም፤ የነገርሻት ያን ብቻ ነው። አባቶች እንዳሉት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ ገብተሽ በሩ ሲዘጋ ይህን በዪ፦ «ምግብ ሆን ብዬ እዘላለሁ። ባዶ ሆዴን እጠጣለሁ። አንዳንዴ ራሴን አስመልሳለሁ። ጫትም እቅማለሁ።» ከእነዚህ ያንቺ ያልሆነውን አውጪ፤ ያንቺ የሆነውን አታስቀሪ። በቃልሽ ካቃተሽ ጽፈሽ አቀብዪ። እናትሽ ወይም ጓደኛሽ አብራሽ ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ለብቻሽ መነጋገር ከፈለግሽ ግን ውጭ እንድትጠብቅሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

የሚከተሉት እንዲታዩልሽ ጠይቂ፦ የደም ግፊትና የልብ ምት፣ የደም ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ፖታሲየምን ጨምሮ የደም ማዕድናት፣ የእርግዝና ምርመራ፤ ካስፈለገም የልብ ምርመራ በኢሲጂ። ሁሉም በጤና ጣቢያ ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ ሪፈር ይጻፍልሻል። የጤና መድን ካርድ ካለሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ወደ ሆስፒታል ስታልፊ የሪፈሩ ወረቀት ከእጅሽ እንዳይጠፋ።

የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወደ ጤና ጣቢያዎች መውረድ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ከኮልፌ ሩቅ ያልሆኑ ሁለት ሆስፒታሎች አሉ፦ ቅዱስ ጳውሎስ እና አማኑኤል። ሁለቱም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ የሱስ ሕክምናም አላቸው። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ በሰፈር ወሬ «አበደች» ለማለት ይነሣል። ይህ ወሬ ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ፣ መጠጥ ያስቸገረው ሰው ሁሉ ነው ተመላላሽ ክፍሉ የሚሰለፈው።

በጣም አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ እዚህ ነው። በየቀኑ የምትጠጪ ከሆነ፣ ጠዋት እጅሽ የሚንቀጠቀጥና ስትጠጪ የሚተውሽ ከሆነ በራስሽ በአንድ ቀን አታቁሚ። መጠጡ በድንገት ሲቀር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያም መቃዠት ይከተላል። ይህ ይገድላል። በሐኪም እጅ በመድኃኒት ተደግፎ ነው የሚቆመው።

ሰባተኛ፦ ስለ ፆም ከሃይማኖት አባትሽ ጋር ተነጋገሪ

ፆም ለብዙዎቻችን የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ማንም አትፁሚ ሊልሽ አይችልም። አንድ ነገር ግን ለራስሽ መልሺ፦ ፆሙ ሲፈታ ደስ ይልሻል ወይስ ትፈሪያለሽ? ፋሲካ ወይም ዒድ ሲደርስ «አሁን ምን ብዬ ምግብ ልዝለል?» ብለሽ ከተጨነቅሽ ፆሙ ሽፋን ሆኗል ማለት ነው። ይህ እኛ ዘንድ ብቻ የሚሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ጋና ውስጥ ከ668 ሴት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን በረሃብ ያከሱ አሥር ልጆች አግኝቷል፤ ልጆቹ ያነሡት ውፍረትን መፍራት ሳይሆን ራስን መግዛትንና ሃይማኖትን ነበር።

ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ፆምን ማቅለል የቆየ ሥርዓት ነው፤ ሕመም ደግሞ ትኩሳት ብቻ አይደለም። ሙስሊም ከሆንሽ ቁርኣን ለበሽተኛ የረመዳንን ፆም በሌላ ጊዜ እንዲያካክስ ፈቅዶለታል። መጠጡ ሐራም ስለሆነ ብቻ ለማንም ሳትናገሪ ተደብቀሽ ከምትሰቃዪ ለምታምኛት ሴት ወይም ለሐኪም ተናገሪ። ሐኪም የሰማውን ያለ ፈቃድሽ ለቤተሰብሽ መንገር የለበትም።

ስምንተኛ፦ ለእናት፣ ለታላቅ እህት፣ ለጓደኛ

ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። በመጀመሪያ ስለ ሰውነቷ አስተያየት መስጠት አቁሙ፤ ምስጋናም ቢሆን። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ሙገሳ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ አሁን «ቀነስሽ!» የሚለው ነው የሚያስደስተው። ይህ በሌላም አገር ታይቷል። ፊጂ ውስጥ ወፈር ያለ ሰውነት የተመሰገነ ነበር። ናድሮጋ ወደሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 ገባ። አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትጠይቅ ለመክሳት ብለው ራሳቸውን የሚያስመልሱ ተማሪዎች ከዜሮ ወደ 11 በመቶ ደርሰው አገኘች። በቲክቶክ ዘመን የኛ ልጆች ምን እንደሚያዩ መገመት አይከብድም።

ሁለተኛ፣ ሰክራ ስትመጣ አትናገሯት። ጠዋት በልታ፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ያያችሁትን ብቻ ንገሯት፦ «ሦስት ቀን ምሳ ሳትበዪ ሲመሽ አየሁ፤ ቅዳሜ ስታስመልሺ ሰማሁ። ፈርቻለሁ። አብሬሽ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።» «አሳፈርሽን» የሚለው ቃል በሩን ይዘጋዋል። ሦስተኛ፣ በግድ አታጉርሷት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለምትፈራ ልጅ ግን ጭንቀት ይሆናል። አብራችሁ ብሉ፤ ሳህኗን አትቁጠሩ።

ዘጠነኛ፦ ድንገት ከወደቀች

– ብትጠሯት የማትነቃ፣
– ትንፋሿ የተቆራረጠ ወይም በአንድ ትንፋሽና በሌላው መካከል 10 ሴኮንድ የሚቆይ፣
– ከንፈሯ ወይም ጥፍሯ የጠቆረ፣ ሰውነቷ የቀዘቀዘ፣
– የተንዘፈዘፈች ወይም ደም ያስመለሰች ከሆነ፣

ይህ «ተኝታ ይለቃታል» የሚባል አይደለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ በ939 ይገኛል። ከዘነበወርቅ፣ ከአየር ጤናና ከቤቴል ከሆነ አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ታክሲ ያዙ። እስክትደርሱ በጎኗ አስተኟት፤ በጀርባዋ ከተኛች ትውከቷ ሊያንቃት ይችላል። ብቻዋን አትተዋት። ነቅታ መዋጥ የምትችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ስጧት፤ ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር በአፏ አታስገቡ። በውኃ አትድፈቋት፣ ቡና አታጠጧት፣ እንድታስመልስም አታስገድዷት። ሐኪሙን «ቀኑን ሙሉ አልበላችም» በሉት፤ ስኳሯን ወዲያው እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ነው። የዋጠችው ክኒን ካለ መያዣውን ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት መፈጸም አይጠበቅብሽም። አንድ ቀን ምሳ ብትዘይ፣ አንድ ቅዳሜ ከወሰንሽው በላይ ብትጠጪ የጀመርሽው ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ መብላት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ምሳው ካልተመለሰ፣ ወይም ተመልሶ ማስመለሱና መጠጡ ካልቀነሰ ይህ በብርታት የሚሸነፍ አይደለምና ለሐኪም ስጪው። የምታምኛትን አንዲት ሴት ዛሬውኑ መርጠሽ ንገሪያት። ይህን ስታነቢ ቀኑ ከስድስት ሰዓት ካለፈና ካልበላሽ ስልክሽን አስቀምጪና መጀመሪያ ብዪ።